ጥያቄና መልስ፦ ነፋስ ሲበረታ ትንሽ አውሮፕላን ማሳረፍ

ሐዋሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሁላችንም እናውቀዋለን። ትንሽ አውሮፕላን ለሚያበር ሰው ያ ነፋስ ከባድ ሥራ ነው። የበረራ ተማሪዎችና አውሮፕላን ወዳጆች ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ለእነዚህ መልስ ሰጥቻለሁ። ምሳሌዬ ሴስና 172 የተባለው ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ቁጥሩን ከራሳችሁ አውሮፕላን መመሪያ ጋር አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጠዋት ጸጥ ያለው አየር ከሰዓት ለምን ይረበሻል?

መልስ፦ ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ሐይቁ ቶሎ ስለማይሞቅ ቀዝቀዝ ያለው አየር ከውሃው ወደ ዳር ይገፋል። ከላይ ያለው ፈጣን ነፋስም እየተቀላቀለ ይወርዳል። ገና ጀማሪ ከሆንክ በጠዋት ብረር።

ጥያቄ፦ ለማረፍ ስቀርብ ፍጥነት ምን ያህል ልጨምር?

መልስ፦ የተለመደው ስሌት በመደበኛው ነፋስና ድንገት በሚበረታው መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ነው። ነፋሱ 12 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ሆኖ አልፎ አልፎ 22 ከደረሰ ልዩነቱ 10 ነው፤ ስለዚህ 5 ጨምር። በ65 የምትቀርብ ከሆነ በ70 ና። ምክንያቱን በደንብ ያዘው። ከፊት የሚገፋህ ነፋስ ድንገት ሲቀንስ የአየር ፍጥነትህም አብሮ ይወርዳል። መሬት አጠገብ ያ ከሆነ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፤ ለማስተካከልም ከፍታ የለህም። ያቺ 5 ኖት መጠባበቂያህ ናት። ግን ለደህንነት ብለህ 15 እና 20 አትጨምር። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲበልጥ የማረፊያው ርቀት በ20 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ አውሮፕላኑም አልወርድ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ለነፋሱ የተጋለጥክበት ጊዜም ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ከፍታ ላይ መሆኗስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ሙቀት ሲጨመርበት፣ የፍጥነት መለኪያው 65 እያሳየ እውነተኛው ፍጥነት 73 ኖት ገደማ ይሆናል። መሬቱ ከታች ሲሮጥ ዓይንሽ "ፈጠንሽ፣ ቀንሺ" ይልሻል። አትስሚው፤ መለኪያውን እመኚ። ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የነዳጅና የአየር ድብልቁን ለከፍታው አስተካክለሽ ቅረቢ።

ጥያቄ፦ ነፋሱ ከጎን ሲመጣስ?

መልስ፦ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረህ መስመርህን ጠብቅ። መሬት ስትቃረብ በራደር (በእግር በሚረገጠው የጅራት መሪ) አቅናው፣ የነፋሱን ወገን ክንፍ ዝቅ አድርግ፣ በዚያው ወገን ጎማ መጀመሪያ ንካ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ተገላገልኩ" ብሎ እጁን ያላላል። አደጋው ግን አላለፈም! ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር መሪውን ይበልጥ ወደ ነፋሱ አዙር፤ አለዚያ ክንፉ ይነሳብሃል።

ለሴስና 172 የተጻፈው 15 ኖት የጎን ነፋስ በሙከራ የታየ ነው፤ የአንተ ልክ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) ሙሉ ልክፈት?

መልስ፦ የጎን ነፋሱ ጠንካራ ከሆነ፣ የማኮብኮቢያው ርዝመት የሚፈቅደውን ያህል አሳንሰው።

ጥያቄ፦ እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ፓይለቱ ሊያርፍ ሲል ተመልሶ ተነሳ፤ በጣም ፈራሁ። ችሎታ አንሶት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እናቴ። መስመሩ ከተዛባ ወይም አውሮፕላኑ ነጥሮ ከተነሳ ትክክለኛው እርምጃ እሱ ነው፦ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ መውጣት፣ ፍላፑን ቀስ በቀስ መሰብሰብ፣ ዞሮ እንደገና መሞከር። ነዳጅ ሲቀዳም ይሄ ታስቦ ነው። ሁለተኛውም ካልሆነ ነፋሱ ወደ ቀለለበት ሌላ ማረፊያ ይሄዳል።