ከለንደን ደርሶ መልስ፦ ላኮክን እይ
ወንድሜ፣ ከለንደን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታይ ጥንታዊ መንደር ለጠየቅከው፣ እኔ ላኮክን ነው የምመርጥልህ። ለንደን ካለው የፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ተነስተህ እስከ ቺፕንሃም ከተማ ድረስ በባቡር ሂድ፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ቅርብ ነው።

መንደሩን መዞር በነፃ ነው፤ እዚያው ያለው የቀድሞ ገዳም ግን ያስከፍላል። ክፈልና ግባ! እ.ኤ.አ. በ1232 የተመሠረተ የሴቶች ገዳም ነበር፤ በኋላ የባለጸጋ መኖሪያ ሆነ። ከፎቶግራፍ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዷን መስኮት ምስል ያስቀረው እዚያ ነው። እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶ ኔጋቲቮች (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይባቸው ምስሎች) ሁሉ ቀዳሚው ያ ምስል ነው። መስኮቷ አሁንም አለች፣ ፎቶ ተነሳባት እንጂ!

የመንደሩ ቤቶች ውስጥ ሰው ይኖራል። በየመስኮቱ አንገትህን አታስግግ፣ ነውር ነው። ቅዳሜና እሁድ ስለሚጨናነቅ ከተመቸህ በሥራ ቀን ሂድ።