የጨሰው ሽቦው ነው እንጂ ባቡሯ አይደለችም

ከደሴ የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ አያቴ ካረፈ በኋላ ከዕቃ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ጥቁር የብረት የባቡር ራስ፣ ሁለት ፉርጎ፣ መሀሉ ነጥብ ነጥብ ያለበት ሐዲድና አንድ ሰማያዊ ትራንስፎርመር አገኘን። ካርቶኗ ላይ ‹ሜርክሊን› እና 3000 ይላል። ከሥሯ ‹ሜድ ኢን ጀርመኒ› የሚል ጽሑፍ፣ በጎኗ ደግሞ በ89 የሚጀምር ቁጥር አለ። ቤተሰቡ ‹ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደ ነው› ይላል። ትራንስፎርመሩን ፈርቼ አልሰካሁትም። የሞተር ሳይክል ባትሪ አመጣሁና አንዱን ሽቦ በግራው፣ ሌላውን በቀኙ ሐዲድ ላይ አሰርኩ። ብልጭ አለ፣ ሽቦው ጨሰ፣ ባቡሯ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሞተሯ ተቃጥሎ ይሆን? ዕድሜዋንስ በምን ልወቅ? ጓደኛዬ ቀለም ቀብተን እንሽጣት እያለኝ ነው።»

አብሽር ወንድሜ። ሳላያት ሞተሯ ደህና ነው ብዬ አልምልልህም። አንተ ያደረግከው ነገር ግን ሞተር የሚያቃጥል አይደለም። ኤሌክትሪኩ ባቡሯ ጋ አልደረሰም።

ሐዲዱን ገልብጠህ እየው። ግራና ቀኙ ከሥር ባለው የቆርቆሮ መደብ በኩል አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው። ሁለቱም ማሳ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ጫፍ ናቸው። ሌላው ጫፍ የሚሄደው መሀል ላይ በተደረደሩት ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ባቡሯንም ገልብጣት። ከሆዷ ሥር ረዘም ያለ ስስ ብረት ተንጠልጥሎ ታያለህ። ነጥቦቹን እየዳሰሰ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው እሱ ነው። ስለዚህ አንተ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በአንድ ብረት ላይ አሰርክ፤ ሾርት አደረግከው ማለት ነው። የባትሪ ሾርት ቀልድ አይደለም። በሽቦው ማለፉ ጥሩ ነው።

ግራና ቀኝ ማሰሩን ከሆነ ቦታ አይተህ ከሆነ፣ ያየኸው ውሸት አልነበረም። የሌላ ፋብሪካ ባቡር ነው እንጂ። የኮሞው ሪቫሮሲ፣ የቪቼንዛው ሊማ፣ የኑረምበርጉ ፍላይሽማን አብዛኛው ባቡራቸው በ12 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ኤሌክትሪክ)፣ በሁለት ሐዲድ ነው የሚሠራው። የእነሱ የአንድ ወገን ጎማ ከሌላው በፕላስቲክ ይለያል። የሜርክሊን ጎማዎች ግን ሁሉም ከቦዲዋ ጋር ይገናኛሉ፣ የምትሠራውም በ16 ቮልት ኤሲ (እንደ ቤት መብራት አቅጣጫው በሚገለባበጥ ኤሌክትሪክ) ነው። ይህን ማምታታት በተቃራኒው ሲሆን የከፋ ነው። የሊማን ባቡር ኤሲ ላይ ብታቆመው ውስጡ ቋሚ ማግኔት ስላለ እዚያው እየጮኸ ይግላል፣ ይቃጠላል። የአንተዋ ማግኔት የላትም፣ በማግኔት ፋንታ ቦቢና፣ ማለትም የሽቦ ጥቅል ነው ያላት። ስለዚህ ለሙከራ ያህል ባትሪም አይጎዳት።

እንግዲህ ሙከራውን እንዲህ አድርገው። ሐዲዱን ተወው። ባቡሯን በጀርባዋ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኛት። ከባትሪው የሚወጣውን አንዱን ሽቦ ግን በቀጥታ አትውሰደው፤ መሀል ላይ የመኪና የፍሬን መብራት አምፖል፣ የ12 ቮልት 21 ዋቱን፣ አስገባበት። እኔ እዚህ ኮምቦልቻ የማላውቀው ሞተር ሲመጣልኝ ያለዚህ አምፖል አልነካውም። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከሆዷ ሥር ካለው ስስ ብረት፣ ሌላውን ከጎማዋ አስነካ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራና እሷ ዝም ካለች ውስጧ ሾርት አለ። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ጎማው ከዞረ ጤነኛ ናት። አምፖሉም ካልበራ፣ እሷም ካልተንቀሳቀሰች የሆነ ቦታ ተቋርጧል፤ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው የሞተር ክፍል የሚያሻግረው ቁራጭ ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል።

ይችን ያህል ዘመን ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች ባቡር በመጀመሪያው ሙከራ ባትዞር አትደንግጥ። ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። የደሴ ብርድ ደግሞ ያጠነክረዋል። በኃይል አታዙራት፣ ጥርሱ ይሰበራል። የላይኛውን ቦዲ የያዘው ቪቴ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ልክ የሚገጥም ካቻቢቴ ፈልግለት፣ ቪቴውም ቢሆን የታሪኳ አካል ስለሆነ ራሱን አታበላሸው። ከፈታህ በኋላ ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ።

ሞተሩ ጎን ላይ ነው። ጎኑን ስትከፍት ሁለት ካርቦን መያዣ ታገኛለህ። በብዙዎቹ የቆዩ ሜርክሊኖች ላይ አንደኛው ጥቁር ካርቦን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመዳብ ሽቦ የተሸመነ ነገር ነው። «አንዱ ተበላሽቶ ሰው የቀየረው ነው» ብለህ እንዳትጥለው፣ ከፋብሪካው እንዲያ ነው የወጣው። ካርቦኑ የሚፈጋበትን የመዳብ ገጽ በጥጥና በአልኮል ጥረገው። ሦስት ቁራጭ ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ አጽዳው። ብርጭቆ ወረቀት ከሳጥንህ አይውጣ። ቤንዚንም ተው፤ ብልጭታ ያለበት ሥራ ነው። አልኮሉ ቀለሙና ጽሑፉ ላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቅ፣ ቁጥሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

ዘይቱን በተመለከተ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃታል። በመርፌ ጫፍ፣ ሻፍቱ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ብቻ፣ ጠብታም አይሞላ። የሞተር ኦልዮና ግራሶ የሚቀባ ሰው ካየህ ዕቃህን ንጠቀው።

ስትዞር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነም ብልሽት አይደለም። የሜርክሊን ባቡር ወደ ኋላ የምትመለሰው የባትሪውን ሽቦ ስታገላብጥ አይደለም። ትራንስፎርመሩ ለቅጽበት 24 ቮልት ይልካል፣ ውስጧ ያለች ትንሽ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የምትገፋ ማብሪያ) ቀጭ ብላ አቅጣጫውን ትቀይራለች። ቦዲውን ከፍተህ ያችን ሪሌ በእንጨት ቀስ አድርገህ ብትገፋት ትቀይርልሃለች።

ሰማያዊውን ትራንስፎርመር አለመሰካትህ የብልህ ሥራ ነው። ሳጥኑ ብረት ነው፣ የውስጥ ሽቦው ልባስ አርጅቶ ይሰነጣጠቃል፣ 220 ቮልቱ ወደ ሳጥኑ ከዚያም ወደ ሐዲዱ ሊሻገር ይችላል። ልጅ የሚነካው ነገር ላይ እንዲህ ዓይነት ዕድል አይሞከርም። ለዕይታ አስቀምጠው። በየጊዜው ልታስኬዳት ካሰብክ 220 ወደ 16 ቮልት የሚያወርድ፣ ሁለቱ ጥቅሎች የማይገናኙ፣ ፊውዝ ያለው አዲስ ትራንስፎርመር አስጠቅልል። የትራንስፎርመሩን የስም ሰሌዳ ግን አሁኑኑ ፎቶ አንሳው፣ ለታሪኳ ይጠቅመናል።

ወደ ዕድሜዋ ልምጣ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ሜርክሊን በ1859 ጀርመን ጎፒንገን ውስጥ የተቋቋመ ቤት ነው። የጀመረው በባቡር ሳይሆን ለአሻንጉሊት ቤት በሚሆን የቆርቆሮ ዕቃ ነው። የአንተዋን የሚያህለውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ያወጣው በ1935 ነው። ጣሊያን ደሴ የገባው በ1936፣ የወጣው በ1941 ስለሆነ የቤተሰብህ ወሬ ከመሬት ተነሥቶ ውሸት አይደለም። በጊዜው እንዲህ ያለ ባቡር ነበር። ያንተዋ ግን እሷ አይደለችም። በዚያ ዘመን የነበረው የሜርክሊን ሐዲድ መሀሉ ላይ የተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ ነበረው፤ ነጥብ ነጥቡ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ሞዴሎቹም በፊደልና በቁጥር ነበር የሚጠሩት። 3000 የሚለው ባለ አራት አኃዝ ስያሜ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ጣሊያን ከወጣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ያረጀ ብረት ሁሉ ለጣሊያን ይሰጣል። መንገዱንና ድልድዩን በማየት የመጣ ልማድ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

ካርቶን ከባቡር ጋር ሊቀያየር ስለሚችል 3000ን ብቻ አትመን። በጎኗ ያለው 89 ያግዝሃል። 89ን ዓመት አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም፤ ግን የጀርመን ባቡር ድርጅት በ1920ዎቹ ባወጣው አሰያየም መሠረት የጎታች ዓይነት ነው። ሦስት ጥንድ ጎማ በዘንግ የተያያዘለት፣ ውሃውንና ከሰሉን ራሱ ላይ የሚሸከም ትንሽ ጎታች። 3000 የሚባለው ሞዴልም ይኸው ነው። ጎማዎቿን ቁጠር። በየጎኑ ሦስት ከሆነ ካርቶኑና ባቡሯ ይስማማሉ።

«ሜድ ኢን ጀርመኒ» ብቻውን ምንም አይነግርህም። እንግሊዞች በ1887 ባወጡት ሕግ ምክንያት የተጀመረ ጽሑፍ ነው፣ እስከ ዛሬም ይጻፋል። የሚናገረው ጎኑ ላይ ሌላ ቃል ሲጨመርበት ነው። «ዩ ኤስ ዞን» ካለ አሜሪካኖች ደቡብ ጀርመንን በያዙበት ከ1945 እስከ 1949 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። «ዌስተርን ጀርመኒ» ካለ ከዚያ በኋላ ነው። የፉርጎዎቹንም ሆድ አንብብ፤ ከባቡሯ በተለየ ጊዜ የተገዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

3000 ለአስርት ዓመታት የተመረተ ሞዴል ስለሆነ እዚህ ላይ መቆም አይቻልም። ለማጥበብ ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ካለ ፈልገው። የሜርክሊን የአጠቃቀም ወረቀቶች ጥግ ላይ በደቃቁ የታተመ የአኃዝና የፊደል ድርድር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከመካከሉ ወርና ዓመት ይገኛል። 0861 የሚል ካገኘህ ነሐሴ 1961 ማለት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ በስንት ቋንቋ እንደተጻፈም እይ። ካርቶኑ ላይ የሱቅ ማኅተም ወይም የዋጋ ምልክት ካለ ከተማዋን ልታገኛት ትችላለህ። የትራንስፎርመሩ ሰሌዳ 110 ቮልት ካለ ደግሞ የተገዛው ለሌላ አገር ነው።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂድ። «ውሸት ነው» ብለህ አትጀምር። «አባባ ጀርመን የሄደ ወዳጅ ነበረው? ማን ነው ውጭ የተማረው? ዕቃ የላከለት ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። የሚሉህን በአንድ ወረቀት፣ ዕቃው ላይ ያየኸውን በሌላ ወረቀት ጻፍ። እንዳታደባልቃቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የትኛው ወሬ፣ የትኛው ማስረጃ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

«የለገሃር ባቡር ናት» የሚልህም ይመጣል። በማስመሪያ ይፈታል። በሁለቱ ሐዲድ መካከል ያለውን የውስጥ ስፋት ለካ፤ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ልክ እውነተኛውን በ87 ያሳነሰ ነው። 16.5ን በ87 ብታባዛ ወደ 1435 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ይህም የአውሮፓ ሐዲድ ልክ ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር አንድ ሜትር ነበር። የሚገርመው እዚሁ ኮምቦልቻ የተዘረጋው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ 1435 ነው፤ ባቡርህ ከአያትህ ዘመን ሐዲድ ይልቅ ከእኛው ጋር ትስማማለች።

ስለ ቀለሙ፦ አትቀባ። የተፋቀ የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ ቀለም ይበልጣል። ጓደኛህ «አሳመርናት» የሚላትን ሰብሳቢ «ተበላሸች» ይላታል። አቧራዋን በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ፣ በቃ። የሐዲዱን ዝገት በላጲስ ፈትገህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። የክረምቱ እርጥበት ስለሚይዘው በፌስታል አፍነህ አታስቀምጠው፤ ስፖንጅም አትጠቅልልበት፣ ሲያረጅ ቀልጦ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። የጥጥ ጨርቅና ካርቶኗ ይበቃታል።

አንድ ነገር ግን በደንብ እይ። ቦዲዋ ብረት ይመስላል እንጂ የዚንክ ቅልቅል ነው፣ ማግኔት አይዘውም። በቅልቅሉ ውስጥ እርሳስ ከገባ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እያበጠ ይሰነጠቃል። በይበልጥ የሚያጠቃው ከጦርነቱ በፊት የተሠሩትን ስለሆነ ያንተዋ ትተርፋለች ብዬ አስባለሁ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወይም መጣመም ካየህ ግን መድኃኒት የለውም፤ አትበይደው፣ አታጥብቀው።

ለመሸጥ ከወሰንክ ትልቅ ገንዘብ አትጠብቅ። በብዛት ከተሸጡት አንዷ ናት። ዋጋ የሚጨምርላት ካርቶኗ፣ ወረቀቷና ያልተነካ ቀለሟ ነው። «ከጦርነት በፊት የተሠራች» ብለህ እንዳትለጥፍ፤ የሚያውቅ ሰው ሐዲዱን አይቶ ይስቅብሃል፣ ሌላውንም አያምንህም። የሁለቱን ጎን፣ የሆዷን፣ የካርቶኑን ጫፎች ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንሳና ያወቅከውን ብቻ ጻፍ።

ሙከራው ካልሠራ በቴስተር ከአንዱ ካርቦን ወደ ሌላው ለካ። ሻፍቱን በእጅህ ቀስ እያልክ ስታዞር በሦስቱም ቦታ ተመሳሳይ ጥቂት ኦም ማንበብ አለበት። አንዱ ጋ ከጠፋ ወይም በጣም ከተለየ ጥቅሉ ተበላሽቷል፤ ይጠቀለላል። ደሴም ሆነ ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ለምታስጠቅልለው ባለሙያ አንድ ነገር ንገረው፦ አሮጌውን ቆርጦ ከመጣሉ በፊት በሚዞረው ክፍል አንዱ ጥርስ ላይ የተጠቀለለውን ሽቦ ዙር ቆጥሮ፣ የሽቦውን ውፍረት በሚክሮሜትር ለክቶ ይጻፍ። ሦስቱ ጥቅሎች እኩል ዙር ካልሆኑ ትሄዳለች፣ ግን እየተንገጫገጨች ነው፤ ካርቦኑንም ቶሎ ትበላዋለች።