«ሞጁሉ አልተገኘም» ሲላችሁ፦ የሜይንፍሬም ጥያቄና መልስ

ዜድ/ኦኤስ (የአይቢኤም ሜይንፍሬም ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ ለምትሠሩ፣ ጥገና ስትጭኑ ያስቸገራችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ጆቤ (ለሲስተሙ የሰጠሁት ሥራ) ኤስ806፣ ማለትም «ሞጁሉ አልተገኘም» ብሎ ወደቀ። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ የት ገባ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የትም አልገባም፣ ሲስተሙ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ ያልተገኘውን ሞጁል ስም የሚነግርህን ሲኤስቪ003አይ የሚለውን መልእክት አንብብ። የጠፋው አንተ ያስነሳኸው ፕሮግራም ሳይሆን እሱ የሚጠራው ሌላ ሞጁል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጄሲኤሉን (ጆቡ የተጻፈበትን ትእዛዝ) እይ። ስቴፕሊብ (ለአንድ ስቴፕ፣ ማለትም ለጆቡ አንድ ደረጃ ብቻ የተሰጠ የፕሮግራም ላይብረሪ) ካለ ለዚያ ስቴፕ ጆብሊብ (ለጆቡ በሙሉ የተሰጠው) እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፣ ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እዚያ ካልተገኘ ኤልፒኤ (ሁሉም የሚጋራቸው ሞጁሎች ያሉበት የሜሞሪ ክፍል)፣ ቀጥሎ ሊንክሊስት (ሲስተሙ ለሁሉም የሚፈትሻቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር) ይፈተሻል።

ጥያቄ፦ ሊንክሊስት ላይብረሪ ውስጥ በዓይኔ እያየሁት አልተገኘም ይለኛል!

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ የምታዪው ዲስኩን ነው። ኤልኤልኤ የሚባለው የሲስተሙ አገልግሎት ግን የላይብረሪውን ዳይሬክተሪ (ማውጫ) ሜሞሪ ላይ ይዞ ስለሚቀመጥ ሪፍሬሽ ካልተደረገ አዲሱን አያውቅም። ከሪፍሬሽ በኋላ ኤስ106 (ሞጁሉን መጫን አልተቻለም የሚል ስህተት) ከመጣ ደግሞ ላይብረሪው አዲስ ኤክስቴንት (ተጨማሪ የዲስክ ቦታ) ወስዶ ይሆናል። ለዚህ ነው ሊንክሊስት ላይ ለሚገባ ፒዲኤስ (የላይብረሪ ፋይል ዓይነት) ሰከንደሪ ስፔስ (ሲሞላ የሚጨመር ቦታ) ባትሰጡ የምለው።

ጥያቄ፦ አፕላይ (ጥገናውን የሚጭነው ትእዛዝ) ሪተርን ኮድ ዜሮ (ተሳክቷል) ሰጠኝ፣ ለውጡ ግን የለም።

መልስ፦ ኤስኤምፒ/ኢ (የጥገና መጫኛው ፕሮግራም) የሚያድሰው ዲዲዴፉ (የላይብረሪውን ቦታ የሚነግረው መዝገብ) የጠቆመውን ላይብረሪ ነው። ብዙ ቦታ ጥገና የሚጫነው የሲስተሙ ኮፒ ላይ ነው፣ አይፒኤል የተደረገው (ሲስተሙ የተነሳው) ግን ከሌላ ዲስክ። ስለዚህ ቮልዩሙን (ዲስኩን) አመሳክር። ሞጁሉ ኤልፒኤ ውስጥ የሚኖር ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ሲኤልፒኤ (ኤልፒኤን እንደገና የሚሞላው አማራጭ) ያለው አይፒኤል ሳይደረግ አዲሱ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ፒቲኤፉ (የጥገናው ጥቅል) በሆልድ (በእገዳ) ቆመብኝ። ባይፓስ ላድርገው (እገዳውን ልለፈው)?

መልስ፦ የትኛው ሆልድ? ሲስተም ሆልድ ከሆነ በእጅህ የምትሠራው ነገር አለ ማለት ነው፣ ጽሑፉን አንብበህ ጨርስና ባይፓስ አድርግ። ኤረር ሆልድ ከሆነ ፒቲኤፉ ራሱ ችግር አለበት፣ ተወው። የሚያስተካክለው ፒቲኤፍ ሪሲቭ ተደርጎ (ኤስኤምፒ/ኢ ተቀብሎት) ካለ ግሩፕኤክስቴንድ የሚባለው የአፕላይ አማራጭ አብሮ ይጎትተዋል። ለማንኛውም አፕላይ ቼክ (ሳይጭን የሚሞክረው) ሳታደርግ እንዳትነካው! ስንፍና እንጂ ምክንያት የለውም።

ጥያቄ፦ አክሴፕት (ጥገናውን ማጽደቅ) መቼ ላድርግ?

መልስ፦ ምን አስቸኮለህ? ሪስቶር (ጥገናን ወደኋላ የሚመልሰው ትእዛዝ) አሮጌውን የሚያመጣልህ ከዲስትሪቢውሽን ላይብረሪ (ከመጠባበቂያው ቅጂ) ነው። አክሴፕት እዚያም አዲሱን ካስገባ በሪስቶር መመለስ የለም።