«በጨመረ ቁጥር» ወይስ «በጨመረው ልክ»?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ወራጅ ውሃ ሲጽፉ አንዳንድ ተማሪዎቼ «ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር የውሃው ፍጥነት ይጨምራል»፣ ሌሎቹ ደግሞ «ተዳፋቱ በጨመረው ልክ ፍጥነቱም ይጨምራል» ይላሉ። ሁለቱ አነጋገሮች አንድ ናቸውን?

መልስ፦ በዕለት ተዕለት ንግግር እየተቀያየሩ ቢነገሩም በሳይንስ ጽሑፍ ሊለዩ ይገባል፤ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ትክክል፣ ሁለተኛው ስሕተት ነው። «በጨመረ ቁጥር» የሚነግረን አንዱ ሲያድግ ሌላውም አብሮ ማደጉን ብቻ ነው። «ልክ» ግን ከ«ለካ» ጋር ሥሩ አንድ ነውና መጠንን ይወስናል፤ ተዳፋቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል ያሰኛል። የወንዝ ውሃ እንዲህ አይደለም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንትዋን ሼዚ በ18ኛው፣ አየርላንዳዊው ሮበርት ማኒንግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቀረቧቸው ቀመሮች መሠረት፣ የውሃው ጥልቀትና የወለሉ ሸካራነት ሳይለወጡ ፍጥነቱ የሚያድገው ከተዳፋቱ ዳግም ዘር ጋር ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱ እጥፍ እንዲሆን ተዳፋቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት።

«ሳይለወጡ» የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ባይወጣ እመርጣለሁ። ቦርከና ከደሴ ከፍታ ወርዶ የኮምቦልቻን ሜዳ ሲይዝ ተዳፋቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ «ስለዚህ ፍጥነቱ ቀነሰ» ማለት ግን አይቻልም፤ በክረምት ገባሮቹ ተጨምረው ውሃው ሲጠልቅ፣ የጥልቀቱ መጨመር የተዳፋቱን መቀነስ ሊያካክስ ይችላልና።

«ተዳፋቱ ፍጥነቱን ይወስናል» የሚለውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። ሰበቃ በሌለበት፣ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ቁልቁል የሚንሸራተት ዕቃ ከሆነ፣ ተዳፋቱ የሚወስነው ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን ነው፤ ከእረፍት ተነሥቶ ከታች ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት የሚወሰነው በወረደው ከፍታ ነው። በወንዝ ግን የወለሉ ሰበቃ ወደ ታች የሚስበውን ኃይል ስለሚመክት፣ ውሃው እየፈጠነ አይቀጥልም፤ በአንድ ፍጥነት ላይ ይረጋል።

ተማሪዎችዎ «ቁልቁለት» ሳይሆን «ተዳፋት» ማለታቸው መልካም ነው፤ ቁልቁለትና ዳገት እንደ ተጓዡ አቅጣጫ ይቀያየራሉ። እንግዲህ «ጥልቀቱና የወለሉ ሸካራነት ሳይለወጡ፣ ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር የውሃው ፍጥነት ይጨምራል» ብለው ቢጽፉ ሙሉ ነው።