ጨው መጠየቅ ያቃተው ደረሳ

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ አዳሪ መድረሳ ነህው፣ ማለትም የአረብኛ ሰዋስው፣ አስተምራለሁ። ደረሳዎቼ (ተማሪዎቼ) የጀማሪውን የነህው ኪታብ አጅሩሚያን ጨርሰው ከፍ ያለውን አልፊያን ጀምረዋል፤ ኢዕራብ፣ የቃሉ መጨረሻ ለምን እንደሚለዋወጥ፣ ስጠይቃቸው አይሳሳቱም። ባለፈው ከሱዳን የመጣ እንግዳ በአረብኛ ስማቸውን ቢጠይቃቸው ግን ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። በኢንዶኔዥያ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የአገሩን ቋንቋ የተናገረ ይቀጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔስ አማርኛ በተናገረ ላይ ቅጣት ልጣል? (ኡስታዝ፣ ከቃሉ)

መልስ፦ አብሽሩ ኡስታዝ፤ ደረሳዎችዎ የእኔ ታናናሾች ናቸው። እኔም በልጅነቴ ሐሪማ (የደረሳዎች ማደሪያ) ተቀምጬ ኪታብ ስቀራ "ደረበ ዘይዱን ዐምረን" የሚለውን፣ ዘይድ ዐምርን መታ ማለት ነው፣ ዘይዱ ለምን መርፉዕ (የባለቤት መጨረሻ ያለው)፣ ዐምሩ ለምን መንሱብ (የተሳቢ መጨረሻ ያለው) እንደሆነ እስኪሰለቸኝ ተንትኛለሁ። ማታ ንፍሮ ከብበን ስንበላ ግን ጨው አቀብሉኝ የምልበት አረብኛ አልነበረኝም። ዘይድ ዐምርን ለምን እንደመታውም እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የዚያ ጥፋት የሸኻችን አልነበረም። እሳቸው ኪታቡን በአረብኛ ያነባሉ፣ በአማርኛ ይተረጉማሉ፣ እኛ እንሰማለን። ይህ መንገድ አንባቢ ያወጣል፤ ለዚያም ታስቦ የተሠራ ነው። አፍ የሚፈታው በሌላ ሰዓት ነው።

ቅጣቱን ይተዉት። እርስዎ የሰሙት እንደ ምሥራቅ ጃቫው ጎንቶር ያለውን አዳሪ ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ በ1926 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፣ ተማሪዎቹም በአረብኛና በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። ወደ እኛ የሚደርሰው ወሬ የቅጣቱ ነው። በእነዚያ አዳሪ ቤቶች ጠዋት ጠዋት ጥቂት ቃላት እየተሰጡ ተማሪው በዓረፍተ ነገር እንደሚያስገባቸው ማንም አያወራም። ቃል ሳይሰጡት አማርኛውን የነጠቁት ልጅ ዲዳ ይሆናል።

ከማዕድ ይጀምሩ። ለአንድ ሳምንት "ናዊልኒ አል-ሚልሕ" ያላለ ጨው አያገኝም፤ ጓደኛው በጆሮው ቢነግረው ግን ይፈቀድለታል። በሚቀጥለው ሳምንት ውሃና በር ይጨምሩ። ቃሉን ለብቻው አይስጡ፣ ሙሉውን አነጋገር ይስጡ እንጂ። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አረብኛ አብዛኛውን ጊዜ ያስቀድመዋል። ልጁ ነጠላ ቃል ይዞ በአማርኛ ሐሳቡን ሲገነባ ግሱ ዘግይቶበት መሐል መንገድ ላይ ይቆማል።

ስለ ድምፅ ደግሞ አይራሩ። ፊደላችን ዐ እና አ አለው፣ አፋችን ግን አንድ አድርጓቸዋል። "ዐሊም" አዋቂ ነው፤ "አሊም" የሚያሳምም። ልጁ እርስዎን ሊያመሰግን ብሎ ሕመም እንዳያደርግዎት!

የትርጉሙን ሰዓት ግን አይንኩት። ኪታቡ ሲቀራ አማርኛው እንደ ድሮው ይቀጥል፤ አልፊያ ገብቶት በአማርኛ ማስረዳት ያቃተው ደረሳ ነገ መንደሩ ሲመለስ ለእናቱ ምን ብሎ ያስተምራታል?