ማገዶው ከመለኮሱ በፊት፦ ስለ እጽዋት ነዳጅ ጥያቄና መልስ

ማገዶ፣ ጭድና ሰጋቱራ እየመዘንኩና እያነደድኩ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ስለ ባሕርያቸው የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከፍተኛ ሙቀት የሚሰጠው የትኛው ዛፍ ነው?

እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ምን ያህል እንደ ደረቀ ነው። ፍጹም የደረቀ እንጨት፣ ዝርያው ማንም ይሁን፣ በኪሎግራም ከ18 እስከ 21 ሜጋጁል (የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይይዛል። ጠንካራ እንጨት የሚበልጥ የሚመስለን ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ነው፤ በእኩል ክምር ውስጥ ብዙ ኪሎ ይገባል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው አይነድም፤ ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ኪሎ ውሃ ተንኖ ሲወጣ 2.4 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከእርጥቡ እንጨት የምናገኘው በኪሎ 8 ሜጋጁል ገደማ ብቻ ነው። ያው እንጨት እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ 14 ያህል ይሰጣል። ዛፍ ከማማረጥ ይልቅ ፈልጦ፣ ከዝናብ ከልሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መደርደር የበለጠ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ ዓይነት እንጨት አንዱ ሻጭ እርጥበቱ 50 በመቶ ነው ሲል ሌላው 100 በመቶ አለኝ። ማንን ልመን?

ሁለቱንም። አንደኛው ውሃውን ያካፈለው ለጠቅላላው ክብደት ነው፤ ሁለተኛው ለደረቁ እንጨት ክብደት ብቻ። አንድ ኪሎ ውሃና አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ካለ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። በዚህ ስሌት የተነሳ የተበላሹ ውሎች ስለሚያሳዝኑኝ፣ ስሌቱ በየትኛው እንደሆነ ሳይጻፍ እንዳትፈርሙ እለምናችኋለሁ። ራስዎ ማረጋገጥ ከፈለጉ ናሙናውን መዝነው፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ አድርቀው፣ እንደገና ይመዝኑ።

ጥያቄ፦ እንጨት ከድንጋይ ከሰል ይልቅ ረጅም ነበልባል ያለው ለምንድን ነው?

ከደረቅ እንጨት ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ሲሞቅ ወደ ጋዝና ተን ስለሚለወጥ ነው። የምናየው ነበልባል የዚያ ጋዝ መንደድ ነው። ከፍሙ በላይ በቂ አየር ካልደረሰ ጋዙ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ያመልጣል፤ ጭስ ያልተጠቀምንበት ነዳጅ ነው፣ ሳንባንም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አክስሎ መጠቀም አይሻልም?

ከሰል በኪሎ 30 ሜጋጁል ስለሚጠጋ ያጓጓል። ነገር ግን ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 20 ኪሎ ከሰል ቢወጣ፣ ከእንጨቱ ሙቀት የቀረልን ሲሶው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በቦይለራችን ጭድ ስናነድ አመዱ ቀልጦ እንደ ጠርሙስ ተጋገረ። ጥፋቱ የማን ነው?

የጭዱ ተፈጥሮ ነው። ቅርፊቱ የተላጠ እንጨት አመዱ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ የጭድ ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። መጠኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጥረግ ይበቃ ነበር። በጭድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከሲሊካ (በአሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ማዕድን) ጋር ሲገናኝ አመዱ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፤ ክሎሪኑ ደግሞ የብረት ቧንቧዎችን ይበላል። የሩዝ ገለፈትን ስናይ ነገሩ ይገለጣል፦ አመዱ እስከ 20 በመቶ ይደርሳል፣ ነገር ግን አብዛኛው ሲሊካ ስለሆነና ፖታሲየሙ አነስተኛ ስለሆነ እንደ ጭድ በቀላሉ አይቀልጥም። ጭዱን ከአጨዳ በኋላ ዝናብ አጥቦት እንደገና ሲደርቅ ቢሰበስቡት ፖታሲየሙና ክሎሪኑ በእጅጉ ይቀንሳሉ። ከእንጨት ጋር መቀላቀልም ይረዳል።

ጥያቄ፦ የተጨመቀ የሰጋቱራ ማገዶ ሙጫ አለው?

አብዛኛውን ጊዜ የለውም። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ የተፈጥሮ ማያያዣ በግፊትና በሙቀት ለስልሶ ያያይዘዋል። ውሃ ከነካው ግን ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ዛፍ ማንደድ በእርግጥ አየር ንብረትን አይጎዳም?

ከደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ሲነድ ወደ አየር ይወጣል። መልሶ የሚወስደው አዲስ የሚበቅል ተክል ነው። ሰብል በዓመት ይተካል፣ ዛፍ ግን አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። የተቆረጠው ካልተተካ ታዳሽ ብሎ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አመዱን ምን ላድርገው?

ቀለም ወይም ኬሚካል ካልተቀባ እንጨት የመጣ ከሆነ፣ አፈሩ አሲዳማ በሆነ ማሳ ላይ በስሱ ይበትኑት። ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ይመልሳል። ናይትሮጅኑ ግን ከጭሱ ጋር ስለሄደ ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት።