ሃያ ዓመት ሠርቼ እንደገና «ጁኒየር»?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ጠያቂዎቹ አርባን ያለፉ፣ አንድ ሙያ ላይ ከርመው አሁን ፊታቸውን ወደ ቴክ ያዞሩ ሰዎች ናቸው። ትምህርቱን አልፈሩትም። የፈሩት ሥራ ፍለጋውን ነው። ጥቂቶቹን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

«47 ዓመቴ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። አሁን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ኤስኪውኤልን (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ) ተምሬ የዳታ ሥራ እየፈለግሁ ነው። የድሮ ሥራዬን ከሲቪዬ ላውጣው? ዕድሜዬን ያሳብቅብኛል።»

አያውጡት፤ ያሳጥሩት እንጂ። የተመረቁበትን ዓመት መተው ይችላሉ። በጣም የቆየውን ሥራ በአንድ መስመር ማለፍም ነውር የለውም። ሃያውን ዓመት ከሰረዙት ግን እጅዎ ላይ የሚቀረው የጥቂት ወራት ኮርስ ነው። በእሱ ብቻ ገና ከተመረቀ ልጅ ጋር ቢወዳደሩ የሚያሸንፉበት ምክንያት አይታየኝም።

ብልጫዎ የት እንዳለ ላሳይዎት። ፓይተን ላይ 0.1 ሲደመር 0.2 ብለው ይጻፉ። የሚመጣልዎት 0.3 አይደለም፤ 0.30000000000000004 ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሮችን በሁለትዮሽ ስለሚያስቀምጥ አንዳንድ አስርዮሾችን በትክክል መያዝ አይችልም። ብዙ ጀማሪ ይህችን አይቶ ያልፋታል። የባንክ መግለጫን ከመዝገብ ጋር ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ግን አያልፋትም። አንዲት ሳንቲም አልገጥም ብላ ያመሸባቸውን ቀኖች ያውቃቸዋል።

እንግዲህ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ይጻፉ፤ መግለጫና መዝገብ ተቀብሎ ያልተገጣጠሙትን የሚያወጣ። ገንዘቡን አስርዮሾችን በትክክል በሚይዘው፣ ዴሲማል በሚባለው የፓይተን ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ይያዙት። ዳታውን ራስዎ ይፍጠሩት፤ የመሥሪያ ቤትዎን ሰነድ እንዳይነኩ። ጊትሃብ ላይ (ኮድ ተቀምጦ ለሌላ ሰው የሚታይበት ድረ ገጽ ነው) ይጫኑትና ለምን ዴሲማልን እንደመረጡ ሪድሚው ላይ፣ ማለትም ፕሮጀክቱን በሚያስተዋውቀው ጽሑፍ ላይ፣ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስረዱ። «እስቲ ስለ ፕሮጀክትዎ ይንገሩን» ሲባሉ ወሬ አያጥርዎትም። እንደኔ እንደኔ በራስ መተማመን የሚመጣው ከዚህ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ» በማለት የመጣለት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሲቪው ላይም «ልዩ ልዩ የሒሳብ ሥራዎችን ማከናወን» የሚለውን ይሰርዙ። ምን አስታረቁ? በየስንት ጊዜው? የትኛውን ሥራ አቀለሉ? በኤክሴል የሠሩት ቅጽ የሁለት ቀን ሥራ ወደ ግማሽ ቀን ካወረደ፣ እሱ ከየትኛውም ሰርተፍኬት በላይ ይናገርልዎታል።

«ለ15 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ የምፈታውን ጥያቄ ሰው እያየኝ ኮድ ጻፊ ስባል ሁሉ ነገር ጭልጥ ብሎ ይጠፋኛል። ባለፈው ቀላል ፎር ሉፕ (አንድን ሥራ የሚያስደጋግም ትእዛዝ) እንኳ ጠፋኝ። እርጅና ይሆን?»

አይደለም። የሃያ ዓመት ልጆችንም ላብ ያጠምቃቸዋል። ለብቻ ዝም ብሎ መፍታትና በሰው ፊት እያወሩ መፍታት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ኮድ ላይ እርስዎ የተለማመዱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሚገርመኝ ግን ሁለተኛውን በማስተማር 15 ዓመት ሠርተውበታል። ሰሌዳ ፊት ቆሞ እያሰቡ መናገር ሌላ ምንድን ነው?

ስለዚህ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ይጀምሩ። ጥያቄውን በራስዎ ቃል ይድገሙት። «ዝርዝሩ ባዶ ቢሆንስ? የሚደጋገም ቁጥር ይኖራል?» ብለው ይጠይቁ። ትንሽ ምሳሌ በእጅዎ ይሥሩ። ከዚያ ቀርፋፋም ቢሆን የሚሠራውን መፍትሔ ይጻፉና «ይህ ቀርፋፋ ነው፤ መጀመሪያ ትክክል ይሁን፣ ከዚያ አፈጥነዋለሁ» ይበሉ። አጻጻፉ ሲጠፋዎት «እዚህ ጋ ሉፕ ይገባል፣ አጻጻፉ ግን ለጊዜው ጠፋኝ» ማለት ይችላሉ። ብዙ ጠያቂ ያቀብልዎታል። ዝም ካሉ ግን ምን እያሰቡ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቤት ውስጥ ሲለማመዱም ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ። ኮድ ማወቅ የለበትም፤ እየሰማ «ለምን?» ካለ ይበቃል። ደግሞ ከቀኑ በፊት የፈተናው ዓይነት ምን እንደሆነ ቀጣሪውን ይጠይቁ። ቤት ወስዶ መሥራት ሊሆን ይችላል፤ የተጻፈ ኮድ አንብቦ አስተያየት መስጠትም ሊሆን ይችላል። መጠየቅ አያስነቅፍም።

«52 ነኝ። አልረፈደብኝም?»

አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ግሬስ ሆፐር ኤ-0 የተባለውን ኮምፓይለር (ፕሮግራምን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) በ1952 እ.ኤ.አ. ስትሠራ 45 ዓመቷ ነበር። ጡረታ የወጣችው ጃፓናዊት የባንክ ሠራተኛ ማሳኮ ዋካሚያ በ2017 እ.ኤ.አ. የአይፎን ጨዋታ ሠርታ ስታወጣ 81 ዓመቷ ነበር። ደስ ይላል። ግን የእነሱ ታሪክ እርስዎን ሥራ አያስቀጥርም፤ እውነቱን እንነጋገር። በዕድሜ ማዳላት አለ። አሜሪካ 40 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ ያሉትን ሠራተኞች ከዚህ የሚጠብቅ ሕግ በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ችግሩ ስለነበረ ነው፤ ሕጉ ቢኖርም ችግሩ አልጠፋም።

ስለዚህ በሩ ጠባብ ወደሆነበት ብቻ አይጋፉ። ነርስ ከነበሩ ለሆስፒታል ሶፍትዌር የሚሸጡ ድርጅቶች የእርስዎን ዓይነት ሰው ይፈልጋሉ፦ ደንበኛ የሚያሠለጥን፣ ሶፍትዌሩን የሚፈትሽ፣ ዶክተሩ የሚያማርርበትን ነገር ለፕሮግራመሩ የሚያስረዳ። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ አሁን ባሉበት መሥሪያ ቤት ወደ ሲስተም ክፍሉ መዛወር ነው። ያወቀዎት ሰው ዕድሜዎን አይቆጥርም። እስከዚያው ደመወዝዎን አይልቀቁ።

«ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኮድ እየጻፈ እኔ አሁን መማሬ ሞኝነት አይሆንም?»

ኤአይ የጻፈው ኮድ ሲሳሳት ማን ያየዋል? ኮድ ማንበብ የሚችልና ሥራውን የሚያውቅ ሰው። እርግጥ ነው፣ ለጀማሪ የሚሰጡ ቀላል ሥራዎችን እየወሰደ ነው። ይህ ግን ከእርስዎ ይልቅ ሌላ ሙያ የሌለውን ጀማሪ ይጎዳል።

«ኢንተርቪው ያደረገኝ ልጄ የሚሆን ወጣት ነበር። ‹ከእርስዎ ከሚያንስ ሰው ትእዛዝ መቀበል አይከብድዎትም?› አለኝ። ተናድጄ ‹ዕድሜ ቁጥር ነው› ብዬ ዘጋሁት።»

ንዴትዎ ይገባኛል፤ መልሱ ግን ምንም አልነገረውም። ገጠመኝ ይንገሩት። ለምሳሌ ኮድዎን ያረመልዎት ወጣት ካለ፦ «ኮዴን ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። ሁለተኛው ላይ ልክ እንደሆነ ገባኝና አስተካከልኩት።» እውነተኛ ይሁን እንጂ ትንሽም ብትሆን ትበቃለች። እና እባክዎ «በእኛ ጊዜ» ብለው አይጀምሩ። «ልጄ» ብለውም አይጥሩት፣ ቢያምርዎትም።

«በየቀኑ አመለክታለሁ። ሁሉም ዝም ጭጭ። ሞራሌ ወደቀ።»

በድረ ገጽ የሚላክ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ሰው ሳያየው ይቀራል፤ ዝምታውን እንደ ፍርድ አይውሰዱት። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ላሳተመው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ወዳጅዎ የሚያውቀውን እርስዎም ያውቁታል፤ የሩቁ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚውለው። በዚህ እናንተ ትላልቆቹ ትበልጣላችሁ፤ የሃያ ዓመት የሥራ ባልደረባ አላችሁ።

ታዲያ ለድሮ ባልደረባ ሲጽፉ «ሥራ ፈልግልኝ» አይበሉ። እንዲህ ይበሉ፦ «ሰላም፣ ከተያየን ቆየን። ወደ ዳታ ሥራ እየገባሁ ነው፤ የሠራሁትን ከታች አያይዣለሁ። እናንተ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ካለ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ለሃያ ደቂቃ ልጠይቀው እፈልጋለሁ።» ለእንዲህ ዓይነት ልመና እምቢ ማለት ይከብዳል። ሳምንት አልፎ መልስ ካልመጣ አንዴ ያስታውሱት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም ይለፉ።